የእማዋይሽ ሙሉ ነጥብ

በእኛ ከተማ አንድ ሰው ለውትድርና ከተመዘገበበት ሰዓት ጀምሮ መኪና መጥቶ እስኪወስደው ድረስ የለም። በእግሩ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ያነጥሰዋል፤ ግን የለም። ቀልድ አይደለም፣ ደንብ ነው። ደንቡን ለሕዝቡ ጮክ ብዬ ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ምትኩ እባላለሁ፤ ሥራዬ ማስታወቂያ ማንበብ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሁሉ በርጩማ ላይ ቆሜ አነባለሁ፣ ሕዝቡ ይሰማል፣ ከዚያ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት እንዲህ ነው።

ደንቡ ዝም ብሎ አልወጣም። በፊተኛው ጦርነት ጊዜ እናቶች ምልምሎቹን ተከትለው እስከ ማሰልጠኛው አጥር ድረስ ሄደው ነበር አሉ። አጥሩን ይዘው ሲያለቅሱ አሰልጣኙ "ቀኝ ዙር!" ቢል ግማሹ ሰልፈኛ አልሰማም፣ ግማሹ ወደ ግራ ዞረ፣ አንዱ የአንዱን ጥርስ በሰደፍ አወለቀ። ጽሕፈት ቤቱ ነገሩን ሁለት ዓመት ካጠና በኋላ ጥፋቱ የልምምድ ማነስ ነው አለ። ምልምሉ ለመሄድ አርባ ቀን ይለማመዳል፤ ቤተሰቡ ግን ያለ እሱ ለመኖር አንድ ቀን እንኳ አይለማመድም። ስለዚህ አርባውን ቀን ቤተሰቡም ይለማመድ ተባለ። የቤቱ ሰዎች ልጁን አያናግሩትም፣ ሲያናግራቸው አይመልሱለትም፣ ቀና ብለው አያዩትም። በየሰኞው መርማሪ እየመጣ ቤቱ ምን ያህል እንደለመደ ነጥብ ይሰጣል። ሙሉ ነጥቡ መቶ ነው።

ይህን አንብቤ ስጨርስ ሕዝቡ አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ አላውቅም። እኔም በርጩማው ላይ እንደቆምኩ አጨብጭቤያለሁ።

እማዋይሽ ጎረቤቴ ናት። በእኔና በእሷ ቤት መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ስታስል እሰማታለሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው ፍራሽ በማደስ ነው። የጠጠረውን ጥጥ ትዘረግፈዋለች፣ በጣቷ ታፍታታዋለች፣ በዱላ ትመታዋለች፣ ከዚያ መልሳ ትሰፋዋለች። ልጇ ጉልላት ፍራሹን ከየሰው ቤት ተሸክሞ ያመጣል፣ ሲያልቅም ተሸክሞ ይመልሳል። ሃያ ዓመቱ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ምላሱ ፈጣን፣ ልቡ ግን ቂም የማያውቅ ልጅ ነው። ስለምወደው አይደለም እንዲህ የምለው። እወደዋለሁ፤ ግን እውነትም ነው።

የጸቡ መነሻ የሙሽሮች ፍራሽ ነው። ለሰርግ የታዘዘ አዲስ ፍራሽ ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ ሳለ፣ ጉልላት ከጓደኞቹ ጋር ዳማ ላይ ተጥዶ፣ ዝናብ ወረደበት። እማዋይሽ በሰው ፊት አዋረደችው።

"አንተም እንደ አባትህ ለምንም የማትረባ!" አለችው።

አባቱን ባታነሳ ኖሮ ዝም ይላት ነበር። አነሳችበት። እሱም፣ "አንቺ በሰፋሽው ፍራሽ ከምተኛ ባዶ መሬት ይሻለኛል! እናት አልነበረችኝም ብዬ እቆጥረዋለሁ!" ብሎ ወጣ። ከበራቸው እስከ መመዝገቢያው ጠረጴዛ መቶ እርምጃ አይሞላም። ትንሽ ቢርቅ ኖሮ ንዴቱ መንገድ ላይ ይበርድለት ነበር።

እማዋይሽ በባዶ እግሯ ሮጣ ስትደርስ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። "ጌታዬ፣ ልጄን መልሱልኝ፤ ተናዶ ነው እንጂ የሱ ሐሳብ አይደለም" አለችው መዝጋቢውን። መዝጋቢው ፊቱ የቆመውን ጉልላትን አሻግሮ ወደ መንገዱ እያየ፣ "የምን ልጅ ነው እመቤቴ? እዚህ ማንም የለም" አላት። አርባው ቀን መቆጠር የጀመረው ከዚያች ደቂቃ ነው።

በዚያ ዓመት የተመዘገቡት አሥራ አንድ ነበሩ። ማሰልጠኛ ሲገቡ ቡት እግራቸውን እንዳይልጣቸው አስቀድመው ይልመዱት የሚል ትእዛዝ መጣ፤ ቡት የሚሰጠው ግን ማሰልጠኛ ከገቡ በኋላ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ለዚህም መላ አላጣም። ለአሥራ አንዱ አንድ ጥንድ ቡት ላከላቸው፣ በተራ እንዲለምዱት። የጉልላት ተራ በአሥራ አንድ ቀን አንዴ ይደርሳል፤ ቡቱ ስለሚሰፋው ጨርቅ ይጠቀጥቅበትና ቀኑን ሙሉ ከተማውን ሲዞር ይውላል። በሌላው ቀን በሸራ ጫማ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ኮረብታውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ጸጉሩን ተላጨ። መሬት ላይ መተኛት ጀመረ። ምሳውን ሃምሳ እስኪቆጠር ጨርሶ መነሳት ተለማመደ፤ አንድ የቀድሞ ወታደር፣ "እዚያ ቀስ ብሎ የሚበላ ይራባል" ብሎታል። ስሙ ሲጠራም ቅጽበት ሳይቆይ "አቤት!" ማለት አለበት። ቤት ውስጥ የሚጠራው ሰው ስለሌለ ራሱ "ጉልላት!" ብሎ ይጣራል፣ ራሱ "አቤት!" ይላል። በግድግዳው በኩል ስሰማው አንጀቴን ይበላኛል።

መርማሪው አቶ ዘርጋው ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ውሃ እንኳ ሲሰጡት ደጋግሞ ያመሰግናል። በምሳ ሰዓት ይመጣና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጥግ ይቀመጣል። የእናቲቱን ዓይን ያያል፣ እጇን ያያል፣ አፏን ያያል። የምልምሉንም ፊት አይረሳም፤ ፊቱ ላይ ደስታ ከታየ ተደብቀው እያናገሩት ነው ማለት ነውና ነጥብ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሰኞ እማዋይሽ ሳታስበው "በላህ?" አለችው። አርባ ሰጣት። በሁለተኛው ሰኞ አፏን ዘጋች፣ እጇ ግን ከራሷ ፊት ቆርሶ ወደ ልጇ አዘነበለ። ሃምሳ አምስት። አቶ ዘርጋው ሲወጣ፣ "መሻሻል አለ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ፤ በርቱ" አላት። እሷ ከቁብም አልቆጠረችው። ውጤቱ ምንም የሚያመጣው ነገር አልነበረማ።

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ምልምሎች በየቤታቸው ውጤት መሠረት ረድፍ ይመደብላቸዋል" ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ማሰልጠኛው ሦስት ረድፍ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። የኋለኛው ረድፍ ድንኳን ይጠብቃል፣ ድንች ይልጣል፣ ወፍሮ ይመለሳል። የፊተኛው ረድፍ ከሥልጠና በቀጥታ ወደ ወንዙ ይሄዳል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ምን እንዳደረጉን የነገረን የለም፤ ከፊተኛው ረድፍ የተመለሰ ሰው ግን አናውቅም።

እማዋይሽ ሕዝቡ እስኪበተን ጠብቃ ወደ በርጩማዬ መጣች።

"ጋሽ ምትኩ፣ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ቤት ልጁ የት ነው የሚመደበው?"

"የኋላ ነዋ!" አልኳት። "ምን ጥያቄ አለው? የጎበዝ ቤት ልጅ ወደ ደህናው ነው የሚሄድ። ያልለመደ ቤት ልጅ ደግሞ ፊት፤ ቅጣት አይደል?"

"እንዲህ ይላል?"

"አዎ።"

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ጽሕፈት ቤቱን አንጠይቅም። ተከልክለን አይደለም። ማስታወቂያ ከተነበበ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ሲነበብ ልቡ እዚያ አልነበረም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በእኛ ዘንድ ትልቅ ውርደት ነው። ስለዚህ ያልተጻፈውን እርስ በርሳችን እንሞላዋለን፣ ሞልተን ስንጨርስም እንደተጻፈ እናምነዋለን። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ያሰበው እኔ ያሰብኩትን ነው። ልዩነቱ፣ እኔ የተናገርኩት የተጻፈውን በማነብበት ድምፅ መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት እማዋይሽ ደጃፌ ላይ ቆመች። "ከዛሬ ጀምሮ ልጄን አላውቀውም" አለችኝ። "አንተ ግን ማልልኝ፣ ለምን እንደሆነ እንዳትነግረው። ካወቀ ፊቱ ይፈካል፤ ፊቱ ከፈካ ያ ሰውዬ ይጽፍብናል። ተቀይማኛለች ብሎ ይሂድ፤ ብቻ ተመልሶ ይምጣልኝ እንጂ ያኔ እግሩ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ።" ማልኩላት። መልካም ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዳላየሁ ብሆን ደስ ይለኛል። ጉልላት ንዴቱ የበረደው በተመዘገበበት ቀን ማታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከኮረብታው ሲመለስም፣ ምሳ ሲቀርብም፣ "እማዬ፣ ይቅር በይኝ" ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ዞር ብላ እንባዋን ትጠርግ ነበር። አሁን አትዞርም። ጥጧን ታፍታታለች። ደጃፍ ላይ ሲተላለፉ እሱ ጥግ ይይዝላታል፤ እሷ ግን መንገዱ ባዶ እንደሆነ ሁሉ በመሃል ታልፋለች፣ ትከሻው ትከሻዋን ይነካዋል፣ አታስተውለውም። አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ወድቆ ክርኑ ተልጦ መጣ። ደሙን እያየች ልብስ አሰጣች። ከዚያ እኔ ቤት ገብታ፣ አፏን በነጠላዋ ጠቅጥቃ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ተንዘፈዘፈች። ስትረጋጋ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። በዚያ ሰኞ ሰባ አመጣች። በሚቀጥለው ሰኞ ዘጠና።

ደንቡ የሚይዘው የቤት ሰውንና የጽሕፈት ቤቱን ሰው ብቻ ስለሆነ ጉልላት እኔን ማናገር ይችል ነበር። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣና ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። ለመንገድ የተፈቀደለትን ዕቃ በፌስታል ይዟል፤ ሁለት የውስጥ ሱሪ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ መርፌና ክር። ፎቶግራፍ አይፈቀድም።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለኝ።

"ጠይቀኝ።"

"እናቴ ልምምዱን ነው የምታደርገው ወይስ ከልቧ ነው?"

ፌስታሉን እየጠቀለለና እየፈታ ነበር። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

"ልምምዱ ነው… መሰለኝ" አልኩት።

"መሰለኝ ነው የሚሉኝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ ማስታወቂያ አንባቢ ነኝ።"

ፌስታሉን ቋጥሮ፣ "የሌሎቹ ልጆች እናቶች ግን ይሳሳታሉ" አለ። "የአንዱ እናት ሰኞ ዕለት ልታቅፈው ተነስታ ሠላሳ አመጣች። የኔዋ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም።" አመስግኖኝ ሄደ። ያን ጊዜ ተነስቼ ብከተለው መሐላዬ ይፈርስ ነበር እንጂ ሌላ የሚፈርስ አልነበረም። አልተነሳሁም።

የመጨረሻው ሰኞ መኪናው የሚመጣበት ቀን ነው። ሙሉ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ ምስክር ያስፈልጋል ተብሎ እኔ ተጠራሁ። አቶ ዘርጋው ጫማውን አውልቆ ጥግ ተቀመጠ፣ እኔ አጠገቡ። እማዋይሽ ወለሉ ላይ የተዘረገፈ ጥጥ ታፍታታለች። ጉልላት ከውጭ ገባ። ኮረብታ ለኮረብታ ሲሸከመው የከረመውን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ከፊቷ ተንበረከከ። በእኛ አገር ይቅርታ ለመጠየቅ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ገዳይ ቢሆን እንኳ ዝም አይሉትም።

"እማዬ፣ ዛሬ መሄዴ ነው" አለ። "እናት አልነበረችኝም ያልኩት አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ድንጋዩን ካላነሳሽልኝ አልነሳም።"

ጣቶቿ ጥጡን ያፍታታሉ። ተፍታቶ ያለቀውን ያንኑ ጥጥ እንደገና፣ ደግሞ እንደገና። እሱ ይጠብቃል። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ ዱላዋን ለማምጣት ተነሳችና፣ እሱ የተንበረከከበትን ወለል እንደ ባዶ ወለል ረግጣ፣ ጣቱን ረግጣ፣ አለፈች። አቶ ዘርጋው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "በሥራ ዘመኔ አላየሁም" ሲል ሹክ አለኝና "መቶ" ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

ድንጋዩን ራሱ አወረደው። ማንንም ሳያይ ፌስታሉን አንስቶ ወጣ።

መኪናው የሚያስነሳው አቧራ ከዓይን እስኪጠፋ ደንቡ ይጸናል። እማዋይሽ አቧራው እስኪጠፋ በሩ ውስጥ፣ መቃኑን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ ሮጠች። ወዴት እንደምትሮጥ እሷም አታውቅ፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ ደርሳ፣ "ጉልላት! ጉልላትዬ!" ብላ ስትጣራ ከተማው በሙሉ ወጥቶ አያት። "አቤት" የሚል አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን አቶ ዘርጋው የምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። በወርቅማ ቀለም የተጻፈ፣ ባለ ፍሬም ነው። የት እንደሚሰቀል ግድግዳውን ሲያማርጥ፣ "ልጅዎም የፊተኛው ረድፍ ላይ ተመድቧል፤ እንኳን ደስ ያለዎት" አላት።

እማዋይሽ የሰማችው አልመሰለኝም። እኔ ነኝ "የኋለኛው ማለትህ ነው?" ያልኩት። በሕይወቴ ጽሕፈት ቤቱን ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

"የፊተኛው" አለ አቶ ዘርጋው፣ ትዕግሥት ባልተለየው ድምፅ። "ሙሉ ነጥብ ያለው ቤት ለምዷል፤ ልጁ ባይመለስ የሚያለቅስ፣ አጥር ይዞ የሚጮህ አይኖርም። ያልለመዱት ልጆች ኋላ ይቆያሉ፤ የሚጠብቃቸው አለ። ልምምዱ የመጣው ለዚህ አይደል እንዴ?" ቀጥሎም ሙሉ ነጥብ ካገኘ ቤት ጋር ደብዳቤ እንደማይመላለስ፣ ይህም ቤቱ ስለማያስፈልገው መሆኑን አስረዳን።

እሷ አልጮኸችም። ዞር ብላ አየችኝ። "እኔ ነኝ የነገርኩሽ" አልኳት። "አልተጻፈም ነበር። ከራሴ ነው የጨመርኩት።" ፊቷን ከእኔ መለሰች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ለአቶ ዘርጋው ግን፣ "እንደገና ይፈትኑኝ" አለችው። "ልወድቅ ነው የምፈልገው። ወድቄ ወደ ኋላ ይመልሱልኝ።"

አቶ ዘርጋው ደብተሩን አገላበጠና ቅሬታ ያለው ቤት ዳግም ይፈተናል የሚል አንቀጽ አገኘ። እስከዚያ ቀን ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ለሰኞ ቀጠራት።

ሰኞ ዕለት ቤቷን ጠርጋ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ ጠበቀችን። ለልጇ ምሳውን አቀረበችና ከሳህኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አቶ ዘርጋው ብዕሩን ከፍቶ "ይጀምሩ" አላት።

"ጉልላትዬ" አለች፣ "ይቅር ያልኩህ ያኔውኑ ነው፣ ገና ከመዝጋቢው ስመለስ መንገድ ላይ። ይቅርታ የነበረብኝማ እኔ ነኝ፤ አባትህን አነሳሁብህ። አባትህ የማይረባ ሰው አልነበረም፤ ሲናደድ እንዳንተ ነበር፣ ቶሎ ይበርድለታል። ክርንህ ተልጦ የመጣህ ቀን ጋሽ ምትኩ ቤት ሄጄ አልቅሻለሁ፤ አልሰማህም። የተንበረከክህ ቀን ደግሞ ጸጉርህን ተላጭተህ የለ፣ በሁለት ዓመትህ ምድጃ ላይ ወድቀህ የቆሰልከው ጠባሳ ታየኝ። ረስቼው ነበር። እጄ ሊሄድ ሲል ጥጡን ጨበጥኩበት። ጣትህን የረገጥኩት አውቄ ነው፤ ቢያንስ በእግሬ ልንካህ ብዬ ነው። አሞህ እንደሆን…"

ረጅም ሰዓት ተናገረች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ስለ ልጅነቱ አወራችው፣ እንዲጠነቀቅ መከረችው። እኔ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነበር። ይህን ያህል የወደቀ ቤት በከተማችን ታይቶ አያውቅም፤ ዜሮ እንኳ የሚበዛበት ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ቀና ስል ግን የአቶ ዘርጋው ደብተር ባዶ ነው፣ ብዕሩ አልተንቀሳቀሰም።

ስትጨርስ ብዕሩን ከደነ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሰው ነውና።

"ወይዘሮ እማዋይሽ" አላት፣ "ደንቡ የሚከለክለው ቤት ውስጥ ያለን ምልምል ማናገር ነው። እዚህ ግን ማንም የለም። ባዶ ቦታ ማናገር ነጥብ አይቀንስም። ውጤትዎ እንዳለ ነው፤ መቶ።"

"እሱ እያለ አናገርኩት ተብዬ እወድቃለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ከሄደ በኋላ ባናግረውም አልወድቅም። ታዲያ መቼ ነበር ማናገር የነበረብኝ?"

አቶ ዘርጋው ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገለጠ። እውነቱን ለመናገር አንድም ገጽ አልዘለለም፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ቅጠል ፈለገ። ከዚያ ዘጋው።

"ስለሱ የተጻፈ ነገር የለም" አላት።

የፊተኛው ረድፍ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ወንዙን ተሻገረ። ማስታወቂያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ስም አልነበረውም፣ የተሻገሩት ሰዎች ቁጥር ብቻ ነው። እማዋይሽ ልትሰማ አልመጣችም፤ ወደ ቤቴ ስመለስ በግድግዳው በኩል ድምጿ ይሰማኝ ነበር። ለልጇ ገና ያልነገረችው ብዙ ነገር ነበራት።